ሳክሽን ስታደርጉ የራሳችሁን ትንፋሽ ያዙ
ጎንደር ላይ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ለገባችሁ አዳዲስ ነርሶች አንድ ነገር ልንገራችሁ። በመተንፈሻው ቱቦ የገባለትን ሰው ሳክሽን ስታደርጉ፣ ማለትም አክታውን ከቱቦው ስትስቡ፣ እናንተም ትንፋሻችሁን ያዙ። እናንተን ሲጨንቃችሁ እሱን ከጨነቀው ቆይቷል፣ ካቴተሩን (አክታ መሳቢያውን ቀጭን ቱቦ) አውጡ። ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይበቃል።

ከመጀመራችሁ በፊት ከ30 እስከ 60 ሰከንድ መቶ በመቶ ኦክስጅን ስጡት። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ስለዚህ ይህቺን ነገር ቸኩላችሁ እንዳትዘሏት። ካቴተሩን ስታስገቡ አትሳቡ፤ ስታወጡ ብቻ፣ በጣታችሁ እያሽከረከራችሁ። ውፍረቱም ከቱቦው የውስጥ ስፋት ግማሽ አይለፍ፤ ለ8 ቁጥር (8 ሚሊ ሜትር) ቱቦ 12 ቁጥር (4 ሚሊ ሜትር) ካቴተር ጥሩ ነው።

ሰዓት ስለደረሰ ብቻ መሳብ ግን ይቅርባችሁ። አክታው ሲንኮረኮር ከሰማችሁ ወይም ሳቹሬሽን (በደሙ ያለው የኦክስጅን መጠን) ከወረደ ያኔ ነው።

ደግሞ አናግሩት፣ እባካችሁ። መናገር ባይችልም ሊሰማ ይችላል። አንድ አዛውንት የአልጋውን ብረት ጨምድደው ይዘው ነበር፤ «አባባ፣ አክታዎን ላወጣልዎት ነው፣ ትንሽ ያስልዎታል፣ አይዞዎት» ስላቸው ጣታቸው ቀስ ብሎ ላላ።