የናፍጣ ፒክአፕ ጉልበት ለመጨመር የመጀመሪያውን ወጪ የት ላይ ማዋል ይሻላል?

የናፍጣ ፒክአፕ ያለው ሰው ጋራዥ ሲሄድ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው «ጉልበት እንዲጨምር ምን ላስገጥምለት?» ብሎ ነው። ገንዘቡ እንዳይባክን ግን መኪናው የሚደክመው መቼና ምን ጎድሎት እንደሆነ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። ደጋ ላይ ለሚነዳ ቶዮታ ሂሉክስ የመጀመሪያው ጎደሎ አየር ነው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ባህር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው፤ የናፍጣ ሞተር ደግሞ በንጽሕና ሊያቃጥል የሚችለው ነዳጅ ሲሊንደሩ ውስጥ በገባው አየር ልክ ነው።

ስለዚህ ኮፈኑን ከፍተው የሞተሩን ዓይነት ይለዩ። የቀድሞዎቹ ሂሉክሶች 3ኤል እና 5ኤል የተባሉትን ቱርቦ (አየርን ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ፣ በጭስ ኃይል የሚሽከረከር መሣሪያ) የሌላቸውን ሞተሮች የያዙ ናቸው። ከእነርሱ በኋላ የመጡት 2.5 ሊትሩ 2ኬዲ እና 3 ሊትሩ 1ኬዲ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ እነርሱን የተኳቸው 2.4 ሊትሩ 2ጂዲ እና 2.8 ሊትሩ 1ጂዲ ባለ ቱርቦ ሲሆኑ የነዳጅ መርጫቸውም በኮምፒውተር የሚታዘዝ ነው።

ሞተርዎ ቱርቦ የሌለው ከሆነ፣ የነዳጅ ፖምፓውን ብሎን አዙሮ ነዳጅ መጨመር የሚለውን ምክር አይቀበሉ። አየሩ ቀድሞውኑ አንሷል፤ የሚጨመረው ነዳጅ አየር አጥቶ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ገንዘቡን ግን ከፍለውበታል። ለእንዲህ ያለው መኪና የሚበጀው ፖምፓውንና ነዳጅ የሚረጩትን ኖዝሎች በመሞከሪያ ማሽን ላይ ለደጋው አየር እንዲመጠኑ ማድረግ ነው። የእመቃ መጠኑ (ሲሊንደሩ ውስጥ የገባው አየር የሚታመቅበት ልክ) 22 ለ 1 ገደማ በሆነ፣ ማለትም አየሩን ቀድሞውኑ አጥብቆ በሚያምቅ ሞተር ላይ ቱርቦ መጫን ደግሞ፣ በእኔ ግምት፣ ለቴስታታ (ለሞተሩ የላይኛው ክዳን) እና ለጉርኒሲዮን (ለማሸጊያው) ወጪ መመዝገብ ነው።

ባለ ቱርቦው ነገሩ ይለያል። ቱርቦ (ጋራዥ ውስጥ «ተርቦ» ሲሉት በሰማሁ ቁጥር አየር የተራበ ሞተር እየታየኝ ፈገግ እላለሁ) የከፍታውን ጉድለት የሚያካክሰው ባህር ዳርቻ ላይ ከሚሽከረከርበት በበለጠ ፍጥነት በመሽከርከር ነው። በዚህ ምክንያት ባንኮክ ወይም ሜልቦርን ላይ ያለ ችግር የሚሠራ የኮምፒውተር ማስተካከያ (ጉልበት ለመጨመር የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም መቀየር) ጣርማበር ዳገት ላይ ቱርቦውን ከአቅሙ ጫፍ ሊያደርሰው ይችላል።

ቀጥሎ ያለው ሥራ መኪናውን ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረበት ጤና መመለስ ነው፤ ብዙ ሰው «ጉልበት አነሰው» የሚለው መኪና እዚህ ላይ ይስተካከላልና ጊዜ ሊሰጡት ይገባል። የአየርና የነዳጅ ማጣሪያዎቹን ይቀይሩ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ኢንተርኩለር (ቱርቦው የጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ ራዲያተር መሰል ዕቃ) ካለው፣ ከቱርቦው ወደዚያ የሚሄደውን ላስቲክ ዙሪያውን በእጅዎ ይዳብሱት። በተለይ ከሥር በኩል፣ ፋሼታው (ማጥበቂያ ቀለበቱ) በያዘበት ጠርዝ ላይ፣ አቧራ የተጋገረበት ጥቁር ዘይት ጣትዎ ላይ ከቀረ አየር በዚያ እየሾለከ መሆኑን ይጠርጥሩ። ዳገት ላይ የሚሰማ ፉጨትና ከኋላ የሚታይ ጥቁር ጭስ ከተጨመረበት ጥርጣሬው ይበልጥ ይጠነክራል፤ መፍትሔውም አንድ ላስቲክ ወይም አንድ ፋሼታ መቀየር ብቻ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ 1ኬዲ ከሆነ ነዳጅ ከሚረጩት ኢንጀክተሮች ሥር ያሉትን የመዳብ ሮንዴላዎች (ማሸጊያ ቀለበቶች) ማስፈተሽ አይዘንጉ። ሮንዴላው በደንብ ሳያሽግ ሲቀር የሚያመልጠው የቃጠሎ ጋዝ ዘይቱን በጥላሸት ያበላሻል፤ ጥላሸቱም ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ከደፈነ ሞተሩ ዘይት አጥቶ ይነክሳል፣ ማለትም ተጣብቆ ይቆማል። ይህ ሳይታይ ጉልበት መጨመር የሞተሩን ዕድሜ ማሳጠር ነው።

ከሰርቪሱ በኋላ መነሻ ልኬት ይያዙ። መኪና የማይበዛበትን አንድ ዳገት መርጠው፣ በተለመደው ጭነት፣ በሦስተኛ ማርሽ ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ የሚወስደውን ጊዜ ከጎንዎ የተቀመጠ ሰው በስልክ ይያዝልዎት። ሦስት ጊዜ ደግመው ውጤቱን ይጻፉት፤ ያለዚህ ልኬት የሚፈርደው ጆሮ ነው፣ ጆሮ ደግሞ የማርሚታ (የጭስ ማውጫ ድምፅ ማፈኛ) ድምፅ ሲጨምር ጉልበት የጨመረ ይመስለዋል።

የመጀመሪያው ብር ሊወጣባቸው የሚገቡት ዕቃዎች አንድም የፈረስ ጉልበት የማይጨምሩ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ውሃ የሚለይ ተጨማሪ የነዳጅ ፊልትሮ ነው፤ በተለይ ክፍለ ሀገር ላይ ከበርሜል ነዳጅ ለሚቀዳ መኪና፣ ውድ የሆኑትን ኢንጀክተሮች ከውሃና ከቆሻሻ ያድናል። ሁለተኛው ከቱርቦው በፊት የሚገጠም የጭስ ሙቀት መለኪያ ነው። ረጅም ዳገት ላይ ንባቡ ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በላይ ከቆየ ፒስተኖቹ አደጋ ላይ ናቸው፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የውሃ ሙቀት መለኪያ ግን ይህን አያሳይም። በጥጥ የተሠራውንና በዘይት የሚረጥበውን የአየር ማጣሪያ በተመለከተ፣ አቧራማ መንገድ ላይ የፋብሪካው የወረቀት ማጣሪያ ይሻላል።

ጎማ ለመቀየር ካሰቡ ሒሳቡን አስቀድመው ይሥሩ። በ265/65 አር17 ፋንታ 285/70 አር17 ቢገጥሙ ዲያሜትሩ ከ776 ወደ 831 ሚሊ ሜትር ያድጋል፣ ይህም 7 በመቶ ነው። መሬቱ ላይ የሚያርፈው የመግፋት ኃይል በዚያው መጠን ገደማ ይቀንሳል፣ የፍጥነት መለኪያውም ከእውነተኛው ፍጥነት ዝቅ አድርጎ ያነባል። ጉልበት አነሰ ብሎ ትልቅ ጎማ የሚገጥም ሰው አለ፤ እኔ አልገባኝም።

ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ የኮምፒውተር ማስተካከያ ይታሰባል። ከነዳጅ ግፊት ሴንሰሩ መስመር መሐል ገብቶ ለኮምፒውተሩ የሐሰት የግፊት መረጃ የሚሰጠውን ርካሽ ሣጥን ይተዉት። ባለሙያ ካገኙ የኮምፒውተሩን ፕሮግራም፣ እየተነዳ በሚገኝ ንባብ ላይ ተመሥርቶ፣ ለእርስዎ መኪና እንዲያስተካክል ይጠይቁት፤ ጭስ እንዳይታይና የጭሱ ሙቀት ከገደቡ እንዳያልፍም አስቀድመው ይስማሙ። ሰፋ ያለ ኢንተርኩለር ከማስተካከያው በፊት ወይም አብሮት ቢገጠም የሚገባውን አየር ስለሚያቀዘቅዝ በርበሬ በሚያደርቅ ሙቀት ውስጥ፣ ለምሳሌ ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሲወጡ፣ ጥቅሙ ይታያል።

ማስተካከያው እንዳለቀ ያንኑ ዳገት ይመለሱበትና ሰዓቱን ያወዳድሩ። በዚያው አጋጣሚ በአራተኛ ማርሽ በ1,800 ዙር እየሄዱ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ይርገጡት። ፍጥነቱ ሳይጨምር የሞተሩ ዙር ብቻውን ከወጣ ፍሪሲዮኑ (የሞተሩን ኃይል ወደ ማርሹ የሚያስተላልፈው ክላች) እየተንሸራተተ ነውና ጠንከር ባለው እስኪቀየር ድረስ ማስተካከያው ወደ ፋብሪካው መጠን ይመለስ።