ስታርተር ምርጫ ላይ የሚበላሽ ጨዋታ፦ የፖኪሞን ሮልፕሌይ ችግርና መፍትሄ

ይሄ ፖኪሞንን (አውሬ ይዘህ የምታሳድግበትንና የምታዋጋበትን ጌም) ስልኩ ላይ ብቻውን ለሚጫወት ሰው አይደለም፣ ሰብሰብ ብለው እንደ ሮልፕሌይ ለሚጫወቱ ነው። ማለት አንዱ ጌም ማስተር ይሆንና ታሪኩን ያንቀሳቅሳል፣ ሌሎቻችሁ እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ትሬነር (ፖኪሞን ይዞ የሚያዋጋ ሰው) ትሆናላችሁ፣ ውጊያ ሲመጣ ደግሞ ስታቱን (የጉልበቱን ቁጥር) እና ሙቩን (የሚዋጋበትን ዘዴ) ከጌሙ ትወስዳላችሁ። እንዲህ የሚጫወት ግሩፕ ጥቂት ጊዜ ከተገናኘ በኋላ ይቀዘቅዛል፣ አንዱ ይቀራል፣ ሌላው "ቢዚ ነኝ" ይላል፣ ከዛ ማስተሩ አይችልም ይባላል። ብዙውን ጊዜ ግን ነገሩ የተበላሸው መጀመሪያ ቀን ስታርተር (የየሰው የመጀመሪያ ፖኪሞን) ሲመረጥ ነው፣ ምክንያቱም ሰው የሚመርጠው መጨረሻ ላይ የሚሆነውን ትልቁን አውሬ እያየ ነው፣ የሚጫወተው ግን ከሌቭል 5 እስከ 20 ያለውን ነው፣ ብዙ ግሩፕ ከዛ አያልፍም እኮ።

ችግር፦ አንዱ ብቻውን ሁሉንም ይጨርሳል፣ ሌላው ቁጭ ብሎ ያያል

ምክንያቱ ቀላል ነው፣ "ሳይተር ልያዝ?" ሲል "ያዝ" ተብሏል። የሳይተር ስታት ድምሩ 500 ነው። ጌሙ ራሱ የሚሰጣችሁን ሶስቱን እዩ፣ በልባሶር 318፣ ቻርማንደር 309፣ ስኩርትል 314። ልዩነቱ ይሄን ያህል ሲሆን ሌቭል እኩል ነው ማለት ትርጉም የለውም።

መፍትሄው ጣሪያ ማስቀመጥ ነው። እኛ ጋ 330 ነው፣ ከዛ በላይ ድምር ያለው ስታርተር አይሆንም። ፒካቹ 320 ነው ይገባል፣ ኢቪ 325 ነው ይገባል፣ ግሮውሊት 350 ነው ይቀራል። ግሮውሊት የሚወድ ሁሌ ይከራከራል፣ ይከራከር።

ግን ጣሪያው ብቻውን አይበቃም፣ ድንጋይ የሚባል ነገር አለ፣ አንዳንዱን ፖኪሞን ኢቮልቭ የሚያደርግ፣ ማለት ወደ ትልቁ መልኩ የሚቀይር። ቨልፒክስ ድምሯ 299 ነው፣ ጣሪያውን ቀስ ብላ ታልፋለች፣ ከዛ ማስተሩ ደግ ሆኖ ሁለተኛው ቀን ላይ ዋሻ ውስጥ ፋየር ስቶን ያስቀምጣል፣ ልጁ ያነሳታል፣ ቨልፒክስ እዛው ናይንቴልስ ሆነች፣ 505። ሌቭል 8 ላይ! በድንጋይ ኢቮልቭ ማድረግ ሌቭል አይጠይቅምና። ስለዚ ሁለተኛ ህግ ጨምሩ፣ የሌላው ሰው ስታርተር በሌቭል ኢቮልቭ እስኪያደርግ ድረስ ድንጋይ አይሰራም፣ ወይ ደግሞ በግልፅ "ከ16 በታች ድንጋይ የለም" በሉ። 16 ያልኩት ከሜዳ ተነስቼ አይደለም፣ ሶስቱም የመጀመሪያ ስታርተሮች የሚቀየሩት 16 ላይ ነው።

ችግር፦ "ጠንካራውን" የመረጠው ልጅ ሰለቸው

ይሄኛው የላይኛው ግልባጭ ነው፣ እኔ በጣም የማዝነውም ለዚህ ነው። ልጁ ድራቲኒ ይመርጣል። ለምን? ድራጎናይት 600 ስላለው። ድራቲኒ ራሱ 300 ስለሆነ ጣሪያውን ያልፋል፣ ማስተሩም እሺ ይላል። ከዛ ጓደኞቹ 16 ላይ ኢቮልቭ ሲያደርጉ እሱ 30 ይጠብቃል፣ ቀጥሎ ደግሞ 55። ላርቪታርም እንደዛው ነው፣ 30 እና 55። ዴይኖ ደግሞ ይብስ፣ የመጀመሪያው ራሱ 50 ላይ ነው። ማን ነው ሌቭል 50 የሚደርስ? ልጁ የመረጠውን አውሬ ሳያየው ግሩፑ ይበተናል።

ከዚህ የባሰው ሙቭ የሌለው ነው። ማጂካርፕ የመረጠ ሰው አይቼ አውቃለሁ፣ ለቀልድ ብሎ፣ የመጀመሪያው ውጊያ እንዲህ ነበር፦

"ምን ታዘዋለህ?"
"ስፕላሽ።"
"ምንም አልሆነም። ራታታው ነከሰው። አሁንስ?"
"ስፕላሽ።"
"ምንም አልሆነም።"

አንዴ ሲሆን ሁላችንም ስቀናል፣ ሶስተኛው ውጊያ ላይ ግን የሚስቅ የለም፣ ልጁም ስልኩን ማየት ጀመረ። ማጂካርፕ ታክል የሚማረው 15 ላይ ነው፣ ግያራዶስ የሚሆነው 20 ላይ። አብራም ተመሳሳይ ነው፣ ሲጀምር ያለው ቴሌፖርት ብቻ ነው፣ ሸሽቶ መሄድ ማለት ነው። ቤልደም በድሮዎቹ ጌሞች አንድ ቴክ ዳውን ይዞ ይመጣል፣ እሱም ራሱን ይጎዳል።

ለዚህ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ ከመፈቀዱ በፊት የመጀመሪያው ኢቮሉሽን ሌቭሉ ይታይ፣ ከ20 በላይ ከሆነ ተጫዋቹ አውቆ ይግባበት ወይ ማስተሩ ሌቭሉን ያውርድለት፣ ድራቲኒን 20 ላይ ብትቀይሩት ፖሊስ አይመጣም። ድራጎኔር ስታቱ 420 ነው፣ 20 ላይ ከሌሎቹ ትንሽ ቢበልጥ እስከዛ ደክሟል፣ ይገባዋል። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ስታርተር ሲጀምር ቢያንስ አንድ የሚመታ ሙቭ ይኑረው፣ ከሌለው ማስተሩ ይስጠው። ልጁ "አይ እኔ ማጂካርፑን እንዳለ ነው የምፈልገው፣ ታሪኩ እሱ ነው" ካለ ደስ ይላል፣ ግን ጎን ለጎን ሌላ ትንሽ ነገር ይያዝ፣ ካተርፒም ቢሆን፣ እሷ እንኳን 7 ላይ ትቀየርና 10 ላይ በተርፍሪ ትሆናለች።

ችግር፦ እሳት መርጬ እሳት የለኝም

ይሄ አዲስ ሰው ላይ ነው የሚመጣው። ቻርማንደር መረጠ፣ ጭራው ላይ እሳት አለ፣ በመጀመሪያው ውጊያ "አቃጥለው!" ይላል፣ ማስተሩ ሺቱን (የፖኪሞኑ ቁጥር የተጻፈበትን ወረቀት) አይቶ "ስክራችና ግራውል ነው ያለህ" ይለዋል፣ መቧጠጥና ማጉረምረም ማለት ነው። ልጁ እንዴት እንደሚከፋው። ምክንያቱ በድሮዎቹ ጌሞች ሌቭል 5 ላይ ሶስቱም የራሳቸው ታይፕ (እሳት፣ ውሃ፣ ቅጠል የሚባለው ወገን) ሙቭ የላቸውም፣ ፋየርሬድ የሚባለው ጌም ላይ ኤምበር (የእሳቱ ሙቭ) 7 ላይ ነው፣ የበልባሶር ቫይን ዊፕ (የቅጠሉ) 10 ላይ ነው፣ በ1996ቱ (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያ ጌም ላይ ደግሞ ቫይን ዊፕ 13 ድረስ ያስጠብቃል። መፍትሄው ሌቭል 10 ላይ መጀመር ወይ የታይፑን ሙቭ ከመጀመሪያው መስጠት። ሁለቱም ይሰራል፣ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ ምክንያቱም ከ5 እስከ 10 ያለው መንገድ ራሱ ደስ ይላል።

ችግር፦ የመጀመሪያው ጂም ላይ ሁሉም ተሸነፈ

ሶስት ሰው ቻርማንደር ይዞ ፒውተር ሲቲ ደረሰ እንበል። ብሮክ (የዛ ከተማ ጂም መሪ፣ አሸንፋችሁት ባጅ የምትወስዱበት) ጂዮዱድ ሌቭል 12 እና ኦኒክስ ሌቭል 14 አለው፣ ሁለቱም ታይፓቸው ሮክ (አለት) እና ግራውንድ (መሬት) ነው፣ እሳት በግማሽ ነው የሚነካቸው፣ እነሱ ደግሞ እሳትን በእጥፍ ይመታሉ። እዚህ ጋ ሁሉም ሰው "ቻርማንደር አትምረጡ" ይላል፣ እኔ አልስማማም። ቁጥሩን ላሳያችሁ።

የፋየርሬድን ስሌት ወስደን ሁሉም አይቪ (ፖኪሞኑ ሲወለድ ይዞት የሚመጣው ከ0 እስከ 31 ያለ ቁጥር) 15፣ ኔቸሩ (ጠባዩ) ምንም የማይጨምር የማይቀንስ ብንል፣ ሌቭል 14 ኦኒክስ ኤችፒው (ህይወቱ) 35 ገደማ ነው። ሌቭል 13 ቻርማንደር በስክራች ሲመታው 2 ይቀንሳል። ሁለት! ምክንያቱም የኦኒክስ ዲፌንስ ቤዙ 160 ነው፣ በዛ ላይ ኖርማል ሙቭ ሮክ ላይ ግማሽ ነው። ግን ስፔሻል ዲፌንሱ (እንደ እሳት ያለውን ሙቭ የሚከላከልበት) 45 ብቻ ነው፣ ስለዚ ያው ልጅ ኤምበር ቢል በግማሽም ሆኖ 6 ገደማ ይቀንሳል። 13 ላይ ደግሞ ፋየርሬድ ላይ ሜታል ክሎው ይማራል፣ እሱ 8 ገደማ ነው። ያው ሌቭል ላይ ያለ በልባሶር ግን ቫይን ዊፕ አራት እጥፍ ስለሚገባለት 40 ገደማ ይመታል፣ ኦኒክሱ አንዴ ወይ ቢበዛ ሁለቴ ነው።

ከዚህ ምን እንረዳለን፣ ቻርማንደር የያዘው ሰው ተሸናፊ አይደለም፣ ስክራች የሚደጋግም ሰው ነው ተሸናፊው። ሶስቱም "እሳት አይሰራም" ብለው ሰምተው ኤምበርን ትተው ይቧጥጣሉ፣ ከዛ ጌሙ አንፌር ነው ይላሉ። ማስተሩ ከጂሙ በፊት ይሄን የሚያሳይ አንድ ትንሽ ውጊያ ያስገባ፣ መንገድ ላይ ጂዮዱድ የያዘ ሰውዬ ያጋጥማቸው፣ ሞክረው ይዩት። ፋየርሬድ ላይ ሩት 22 ማንኪ አለ፣ ፋይቲንግ ስለሆነ ሮክ ላይ ይገባለታል፣ ከቪሪዲያን ጫካ ደግሞ ካተርፒ ይያዛል፣ በተርፍሪ ሆና 10 ላይ ኮንፊውዥን ትማራለች፣ ያም ስፔሻል ነው፣ የኦኒክስን ደካማ ጎን ይነካል።

ስታርተር ላይ ያለው ህግ ታዲያ ምንድነው፣ ዝርያ መድገም ክልክል አይሁን፣ ግን ግሩፑ አራት ሰው ከሆነ አንድ ታይፕ ከሁለት በላይ አይሁን። በቃ። የመጀመሪያውን ጂም ደግሞ ብሮክ ይሁን ያለ የለም፣ ሁሉም እሳት ካላቸው ማስተሩ ሌላ ከተማ ያስቀድም።

ችግር፦ "እኔ ነኝ ቀድሜ ኢቪ ያልኩት"

ምክንያቱ በአፍ መምረጥ ነው፣ ድምፁ ትልቅ የሆነው ይወስዳል፣ ዝምተኛው የተረፈውን ያነሳል፣ ቀስ ብሎም ይቀራል። መፍትሄ፦ እያንዳንዱ ሶስት ምርጫ በቅደም ተከተል በወረቀት ይጽፋል፣ ማንም ሳያይ ለማስተሩ ይሰጣል። አንድ ታይፕ ከሁለት በላይ ሆኖ የተጋጨው ላይ ብቻ እጣ ይወጣል፣ እጣ የወደቀበት ሁለተኛውን ይወስዳል፣ ግን ለካሳ ኔቸሩን ራሱ ይምረጥ፣ ሌሎቹ በዳይስ ያወጣሉ። ኔቸር 25 ነው ያለው፣ አምስቱ ምንም አይቀይሩም፣ ሌሎቹ አንዱን ስታት በ10 ፐርሰንት ጨምረው አንዱን በ10 ይቀንሳሉ፣ ስለዚ ካሳው ትንሽ ግን እውነተኛ ነው።

ከዚህ ጋ የሚሄድ አንድ ነገር፣ በጌሙ ራይቫሉ (ተፎካካሪህ) የሚመርጠው ካንተ በኋላ ነው፣ ያንተን የሚመታውን ይወስዳል። አራት ሰው ሲሆን አራት ራይቫል አትፍጠሩ፣ ማስተሩ አብዶ ያርፋል። አንድ ራይቫል፣ ሁሉንም አይቶ በመጨረሻ የሚመርጥ።

ችግር፦ የሁሉም ሰው ሻይኒ ነው፣ የሁሉም አይቪ 31 ነው

ሺቱን ቤቱ ሆኖ ሞልቶ መጥቷላ። ከስድስተኛው ጀነሬሽን ጀምሮ ሻይኒ (ቀለሙ የተለየ ፖኪሞን) ከ4096 አንድ ነው፣ ከዛ በፊት ከ8192 አንድ፣ አራቱም ላይ ወረደ? ቀለሙ ስታት ስለማይጨምር እሱን ተዉላቸው ባይ ነኝ፣ አይቪውን ግን ሁሉም ላይ 15 አድርጉና ክርክሩን ዝጉ። "የመጨረሻው ዝርያ ነው፣ እናቱ ሌጀንደሪ ነች" ምናምን የሚል ታሪክ ከመጣ ይጻፍ፣ ቁጥር ላይ ግን አይግባ።

ችግር፦ ፖኪሞኑ ከውጊያ ውጪ የለም

ውጊያ ሲመጣ ይጠራል፣ ሲያልቅ ይረሳል፣ ማንም ስለሱ አያወራም። ይሄ የሚሆነው በስታት ብቻ ሲመረጥ ነው። ፒካቹን እንደ ምሳሌ እዩት፣ በ1998 (እ.ኤ.አ.) በወጣው "የሎው" በሚባለው ጌም ላይ ኳስ ውስጥ አልገባም ብሎ ከኋላ ይከተላል፣ ተንደር ስቶን ስትሰጠው እምቢ ይላል። አንድ እምቢታ ነው፣ ግን ማንነቱ ታየ። ሚስትሪ ደንጀን የሚባለው ደግሞ ሲጀመር ስለ ራስህ ጥያቄ ጠይቆህ በመልስህ የትኛው ፖኪሞን እንደምትሆን ይነግርሃል።

ይሄን ሰርቃችሁ አምጡት። ተጫዋቹ ስታርተሩን ከማጽደቁ በፊት ሶስት ነገር ይመልስ፣ ምን እምቢ ይላል? ምን ይፈራል? የት ነው የተገናኛችሁት? ኔቸሩም ይረዳል። ቲሚድ ከወጣለት ስፒዱ ይጨምራል አታኩ ይቀንሳል፣ እንግዲህ ፈሪ ነው ማለት ነው፣ መብረቅ ሲመጣ ከትሬነሩ ጃኬት ስር ይግባ። ማስተሩ በየጊዜው እምቢታውን የሚነካ አንድ ነገር ካመጣ ሌላው ራሱ ይሄዳል።

ችግር፦ ይሄን ሁሉ ያነበብኩት ከጀመርን በኋላ ነው

አታፍርሱት። የጠነከረውን ልጅ ስታት መቀነስ የሚያጣላ ነገር ነው፣ አትሞክሩት፣ ሌሎቹን ከፍ አድርጉ። የድራቲኒውን ኢቮሉሽን ሌቭል አውርዱ፣ ለሌሎቹ ድንጋይ ወይ ጥሩ ሙቭ ቀድሞ ይምጣላቸው። ጭራሽ የማይሆን ከሆነ አንድ ጊዜ መቀየር ፍቀዱ፣ ከሁለተኛው ባጅ በፊት፣ በታሪኩ ውስጥ፣ ትሬነሩ ወደ ፕሮፌሰር ኦክ (በጌሙ ስታርተር የሚሰጠው ሰውዬ) ላብ ተመልሶ "ከዚህ ጋ አልተግባባንም" ይበል፣ ፕሮፌሰሩ ይቆጣው፣ ሌላ ይስጠው። አዲሱ በግሩፑ ዝቅተኛው ሌቭል ላይ ይጀምር። የተመለሰውን ፖኪሞን ደግሞ ማስተሩ ይያዘው፣ ራይቫሉ ጋ ስድስተኛ ቦታ ይኖራል።