አልገጥም ያለው የመደርደሪያ ደጋፊ

ጎረቤቴ የግድግዳ መደርደሪያ ደጋፊ እንድበይድለት ሦስት ቁራጭ ቱቦላሬ ይዞ መጣ፤ 40፣ 60 እና 100 ሳንቲ ሜትር። መሬት ላይ ጫፍ ለጫፍ ስንገጥማቸው ሁለቱ አጫጭሮች ረጅሙ ላይ ተጋድመው ቀሩ። «ጋሼ፣ ቆራጩ አሳጥሮብኝ ይሆን?» አለኝ። በሜትር ለካሁት፤ ልኩ ልክ ነው።

ሦስት ማዕዘን የሚወጣው የሁለቱ አጫጭር ጎኖች ድምር ከረጅሙ ሲበልጥ ነው። እኩል ከሆነ፣ እንደዚህ 40 ሲደመር 60፣ መስመር ብቻ ይሆናል። ሦስቱንም ጎን እያፈራረቁ መፈተሽ አያስፈልግም፣ ረጅሙን ማየት ይበቃል። (የጥንቱ ግሪካዊ የጂኦሜትሪ ሊቅ ኤውክሊድ ይህን በማስረጃ ሲያረጋግጥ፣ የፈላስፋው ኤፊቆሮስ ተከታዮች «ይህንንማ አህያም ታውቀዋለች» ብለው ቀልደውበታል ይባላል። ድርቆሹ ጋ ለመድረስ ዞራ አትሄድማ!)

የሚገርመው፣ 40ውን በ1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ብናስረዝመው ማዕዘኑ ከረጅሙ ብረት 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። 45 ብናደርገው ደግሞ ወደ 16 ይደርሳል። ግን እንዲህ የተዘረጠጠ ነገር መደርደሪያ አይሸከምም።

ስለዚህ ረጅሙን አሳጠርኩ። ለ40ና ለ60 ሦስተኛው ጎን ከ20 በላይ ከ100 በታች እስከሆነ ድረስ ሦስት ማዕዘን ይወጣል፤ በ40ውና በ60ው መካከል 90 ዲግሪ ሰጥቶ ግድግዳ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ግን አንዱ ብቻ ነው። የ40 ስኩዌር 1600 ሲደመር የ60 ስኩዌር 3600፣ 5200፤ ስኩዌር ሩቱ 72.1 ገደማ። በግራይንደር 72 ላይ ቆርጬ፣ ጫፎቹን አስተካክዬ፣ በጎንያ አረጋግጬ ነጥብ ነጥብ አስያዝኩት። የተረፈውን 28 ሳንቲ ሜትር ጎረቤቴ ይዞት ሄደ።