ስለ ጨረር ጉዳት ሲያስረዱ የሰው አመኔታ እንዴት ይገኛል?

ከወሎዋ ሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ስለ ራጅ ላስረዳ ሄጄ «ምንም ጉዳት የለውም» ብዬ ጀመርኩ። ቡና የሚያፈሉት እናት ከረከቦቱ ቀና ብለው «ታዲያ ልጄ፣ ራጅ የሚያነሳው ሰውዬ ለምን ሮጦ ከግድግዳ ኋላ ይደበቃል?» አሉኝ። መልሱን አውቀዋለሁ። ነገር ግን «ምንም» ብያለሁና ከዚያ በኋላ የሚሰማኝ አልነበረም። የሚከተለው ከዚያ ቀን ወዲህ የያዝኩት አካሄድ ነው።

1. አቦል እስኪጠጣ አይናገሩ

ስብሰባ ከመጥራት ቡና ላይ መቀመጥ ይሻላል። ከአበጋሮቹ (ከአገር አስታራቂዎቹ)፣ ከሼሁና ከቄሱ ዘንድም አስቀድመው ይድረሱ፤ ሊያስተምሯቸው ሳይሆን ሰዉ የሚፈራውን ሊጠይቋቸው። «ጨረር» በሚለው አንድ ቃል ስር የተለያየ ስጋት ተደባልቆ ያገኛሉ፤ ለየብቻው ይመልሱት። የስልክ ማማ የሚለቀው ሞገድ እንደ ራጅ ዘረመልን የመስበር ጉልበት የለውም። አልትራሳውንድ ድምፅ ነው። ራጅም ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ሰውነት ውስጥ አይቀርም።

ልብ የሚሰብረው ግን የካንሰር ጨረር ሕክምና ጨርሶ የመጣ ሰው ሲኒ ተለይቶለት ሲያዩ ነው። ከውጭ በማሽን የታከመ ሰው ጨረር ይዞ አይመለስም፤ ከሲኒው መጠጣትም፣ ልጅ ማቀፍም ይቻላል። ጨረር ያለበት አዮዲን የዋጠ ታካሚ ግን ሐኪሙ ለወሰነለት ጊዜ ከልጆችና ከነፍሰ ጡሮች ይርቃል። ይህን ልዩነት አይዝለሉት። በኋላ ከሌላ ሰው ከሰሙት የቀደመውም ቃልዎ ይወድቃል።

2. ጉዳቱን ከእርስዎ አፍ ይስሙት

ራጅ ሴልን ሊጎዳ ይችላል፤ መጠኑ በጨመረ ቁጥር የካንሰር ዕድልም ይጨምራል። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የምትጠረጥር ሴት ከመነሳቷ በፊት መናገር አለባት። እነዚህን ካሉ በኋላ ነው ባለሙያው ለምን እንደሚከለል ማስረዳት የሚቻለው፦ ታካሚው የሚነሳው አልፎ አልፎ ነው፤ እሱ ግን ቀኑን ሙሉ፣ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነው። በሁለተኛው ጉዞዬ ይህን ስናገር እኚያው እናት «በርበሬ የሚወቅጥ አፍንጫውን ይሸፍናል፤ ወጡን የሚበላ አይሸፍንም» ብለው ለጎረቤቶቻቸው አሳጠሩልኝ። ይዤው የሄድኩት ሥዕል ሁሉ ከዚያ ወዲያ አላስፈለገም።

3. ቁጥሩን ከአገራቸው መሬት ላይ ያሳርፉት

የደረት ራጅ «0.1 ሚሊሲቨርት» ነው ቢሉ ለማንም ትርጉም አይሰጥም፤ ሚሊሲቨርት የጨረር መጠን መለኪያ ነው። ከአፈር፣ ከአየር፣ ከምግብና ከሕዋ የሚመጣ ጨረር ሁላችንንም ይነካናል፤ በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ገደማ። አንድ የደረት ራጅ እንግዲህ የሁለት ሳምንት የተፈጥሮ ጨረር ያህል ነው። ከሕዋ የሚመጣው ከፍታ ሲጨምር ይጨምራልና፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ የሚኖር ሰው ኮምቦልቻ ካለው ዘመዱ ትንሽ ይበልጥ ያገኘዋል። ይህን ስናገር ሰዉ ይስቃል፤ ከሳቀ ደግሞ ይጠይቃል። ትልቁን ቁጥርም አይደብቁ፦ በራጅ ብዙ ምስል የሚያነሳው ሲቲ ስካን ለሆድ ሲሆን ወደ 8 ሚሊሲቨርት ይጠጋል፤ ከሦስት ዓመት የተፈጥሮ ጨረር ይበልጣል። ስለዚህ «የግድ ያስፈልገኛል?» ብሎ ሐኪምን መጠየቅ መብታቸው እንደሆነ ይንገሯቸው።

4. አይዘግዩ፤ ተመልሰው ይሂዱ

ዩክሬን ውስጥ ያለው የቸርኖቤል የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ሚያዝያ 26 ቀን 1986 በፈረንጆች አቆጣጠር ሲፈነዳ፣ ያኔ አገሩን የሚገዛው የሶቪየት መንግሥት ለመላው ሕዝብ የተናገረው ከሁለት ቀን በኋላ፣ በ28 ማታ ነበር፤ ያውም ስዊድን ጨረሩን አየር ላይ ካገኘች በኋላ። ከዚያ ወዲያ መንግሥት የሰጠውን ቁጥር፣ እውነቱንም ጭምር፣ ብዙ ሰው አላመነም።

የማያውቁት ጥያቄ ሲመጣ «አላውቅም፤ ጠይቄ እመለሳለሁ» ይበሉና ቀኑን ይቁረጡ። ቀኑ ሲደርስ መልሱ ባይገኝም፣ መንገዱ ጭቃ ቢሆንም ይሂዱ፤ አለመገኘቱንም እዚያው ቡና ላይ ተቀምጠው ይንገሯቸው።