አዲሱን ኦዱ ለቆዩ ኮንሰልታንቶች ስታሰለጥኑ

የቆየ የኦዱ (የድርጅት ሽያጭና ሂሳብ የሚሠራበት ሶፍትዌር) ኮንሰልታንትን ከዜሮ አታስጀምሩት፣ ኢንቮይስ ምን እንደሆነ በስላይድ ካሳያችሁት ሻይ እረፍት ሳይደርስ ስልኩን ያወጣል። ሀዋሳ ላይ ኦዱ ቨርዥን 17ን ስናሰለጥን የጀመርነው ከተቀየረው ነገር ብቻ ነው፣ ለምሳሌ ከ16 ጀምሮ ኤዲት የሚለው በተን የለም፣ ፎርሙ ላይ ዝም ብለህ ትጽፋለህ ራሱ ሴቭ ያደርጋል፣ 17 ላይ ደግሞ ቪው ኮድ (የስክሪኑን ገጽታ የሚሠራው ኮድ) ውስጥ የነበረው አተርስ (attrs፣ አንድ ፊልድ መቼ እንደሚደበቅ የሚወስነው) ቀርቷል ስለዚህ ይሄን የሚጠቀም የድሮ ሞጁል (ኦዱ ላይ የሚጨመር ፕሮግራም) እንዳለ ብትጭነው ኤረር ነው የሚሰጥህ። ይሄን በወሬ አትንገሯቸው! የራሳቸውን ሞጁል ይዘው ይምጡና ይሰበርባቸው፣ ያኔ ነው የሚገባቸው (ትንሽ ይነጫነጫሉ፣ ቻሉት)። ዳታቤዙ ግን ኮፒ ይሁን፣ የደንበኛ ላይቭ ሲስተም እንዳትነኩ። ከዛ 15 ፐርሰንት ቫት ያለበት አንድ ሽያጭ ከዋጋ ማቅረቢያው እስከ ክፍያው ያስኪዱት። ኔትወርክ ስለማይታመን ሁሉም ላፕቶፑ ላይ ቀድሞ ይጫንለት።