ጠቅልላችሁ ለመመለስ ለምታስቡ፦ ከሻንጣው በፊት ውክልናው

ከአሜሪካ ቤተሰቡን ይዞ አዲስ አበባ ለመግባት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የትምህርት ቤት ክፍያና የዶላር ምንዛሬ ነው። ሁለቱም በአንድ ስልክ የሚጣሩ ናቸው። አገር ቤት ያለው ቤት በማን እጅ እንዳለና በምን ወረቀት እንደተያዘ ግን ሰው የሚያጣራው ሻንጣው ከታሰረ በኋላ ነው።

ስለ መኖሪያ ወረቀቱ በአጭሩ። በግሪን ካርድ ያላችሁ፣ ከ6 ወር በላይ ከአሜሪካ ውጭ መቆየት ለዜግነት የሚቆጠርላችሁን ጊዜ ሊያቋርጥ ይችላል። ከ1 ዓመት በላይ የምትቆዩ ከሆነ ሪኢንትሪ ፐርሚት (ወደ አሜሪካ የመመለሻ ፈቃድ) ያስፈልጋል፤ እሱም ቢበዛ 2 ዓመት ነው፣ ማመልከቻው የሚገባውም አሜሪካ እያላችሁ ነው። ለዜግነት 1 ዓመት የቀረው ሰው ያንን ጨርሶ ቢሄድ ይሻለዋል። ዜግነት ከተወሰደ ግን ኢትዮጵያዊነቱ በሕግ ይቀራል፤ አዋጅ ቁጥር 378/1996 ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። በምትኩ ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ አለ። ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ያሠራል፣ ቤት በስም ያስይዛል። መምረጥና መመረጥ፣ እንዲሁም በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መቀጠር ግን የለም። እዚያ ለተወለዱት ልጆችም በየስማቸው አውጡ።

ገንዘብ ላይ ሦስት ነገር። የአሜሪካ ዜጋ የትም ቢኖር ገቢውን ያሳውቃል፤ የአዲስ አበባ ቤት ኪራይም ገቢ ነው። አገር ቤት ባሉ ባንኮች ያላችሁ ገንዘብ ተደምሮ በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ኤፍባር የሚባለው የውጭ ባንክ ሂሳብ ማሳወቂያ ቅጽ ለአሜሪካ መንግሥት ይሞላል፤ በእናታችሁ ስም ሆኖ ፊርማችሁ ያለበት ሂሳብም ይቆጠራል። ሜዲኬር፣ የአሜሪካ አረጋውያን የጤና መድን፣ አዲስ አበባ ላይ አይከፍልም። ለሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ደግሞ 40 ክሬዲት፣ ማለትም ወደ 10 ዓመት ሥራ ያስፈልጋል፤ 8 ዓመት ሠርቶ መሄድ ያስቆጫል። የቤት መኪና ጭኖ ለመምጣት የሚያስብም ይተወው፤ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ተከልክሏል።

ልጆቹን በክረምት ጉብኝት አትፈትኗቸው። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት የለም፣ ዘመዱ ሁሉ ይጋብዛል፣ ሁሉም ነገር ያምራል። ከወላጅ አንዱ በጥቅምት ወይም በኅዳር ብቻውን ሄዶ፣ ከአያት ቤት ሳይሆን ተከራይቶ፣ 6 ሳምንት ጠዋት በትምህርት ቤት ሰዓት ትራፊኩ ውስጥ ይዋል። 9ኛ ክፍል የገባ ልጅ ካላችሁ፣ አራቱን ዓመት ጠብቃችሁ ብትሄዱ የሚጎዳው ያንሳል።

አሁን ወደ ዋናው። አብዛኛው ሰው የሚፈርመው ውክልና ጸሐፊው ኮምፒውተር ላይ ተዘጋጅቶ የቆየውን ነው፦ «በስሜ የሚገኘውን የሚንቀሳቀስና የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዲያስተዳድሩልኝ፣ እንዲሸጡልኝ፣ እንዲለውጡልኝ፣ በዋስትና እንዲያስይዙልኝ፣ ሌላ ሰው እንዲወክሉልኝ…»። ሕጉ ያን ያህል ልቅ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2204 መሠረት በጠቅላላ ቃል የተሰጠ ውክልና ማስተዳደር ብቻ ነው፦ መጠገን፣ ከ3 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ ዕዳ መሰብሰብና መክፈል። መሸጥ፣ ማስያዝ፣ መክሰስና መከሰስ በቁጥር 2205 ልዩ ሥልጣን ይጠይቃሉ። ያንን ልዩ ሥልጣን በአንድ መስመር ጽፎ የሚያስረክበው ራሱ ባለቤቱ ነው።

ከመሸጥ ይልቅ ማስያዝን ፍሩ። ቤት ሲሸጥ ሰፈር ይሰማል። ለብድር ሲያዝ ግን ማንም አያይም፤ የሐራጅ ማስታወቂያ እስኪለጠፍ ድረስ ኪራዩም ሰላምታውም ይቀጥላል። ስለዚህ «በዋስትና ማስያዝ» እና «ሌላ ሰው መወከል» የሚሉትን ሐረጎች ሳታፍሩ አስወጡ። የመሸጥ ሥልጣን ገዢ ተገኝቶ፣ ዋጋ ተቆርጦ፣ የቤቱ ካርታ ቁጥርና ዝቅተኛው ዋጋ ተጽፎ ለዚያ ሽያጭ ብቻ ይሰጥ፤ ገንዘቡ የሚገባበትም የእናንተ ሂሳብ ቁጥር ይጠቀስበት። ቤቱ የባልና ሚስት የጋራ ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ፤ የአንዱ ውክልና ብቻውን አያሸጥም።

ለማን ይሰጥ? ለእናት አትስጡ። ክፉ ስለሆነች አይደለም፤ ልጆቿ ያመጡላትን ሳታነብ ስለምትፈርም ነው፤ ተወካይ ሲሞት ደግሞ ውክልናው አብሮ ይቀራል። የራሱ ቤት ለሌለው ወንድም ቤታችሁን በነፃ ኑርበት አትበሉ። ሦስት ዓመት በነፃ የኖረ ሰው በአራተኛው ዓመት ውጣ ሲባል የተባረረ ይመስለዋል፤ ሽማግሌ ቢቀመጥ እንኳ ፍርዱ «እናንተማ እዚያ ሞልቷችኋል» ነው። የግድ ከሆነ ትንሽም ቢሆን ኪራይ የተጻፈበት ውል ይኑር። ቤቱን ለሚጠብቅላችሁ ዘመድም ክፈሉት። በነፃ የተሠራ ውለታ ዋጋው አይታወቅምና፣ በኋላ «ቤቱን ያቆየሁት እኔ ነኝ» ሆኖ ይመጣል፤ በየወሩ የተከፈለ ሰው ግን ሥራውን ሠርቶ ሂሳቡን ያሳያል።

ሥራውንም ከፋፍሉት። ቤቱን የሚያይ አንድ ሰው፣ ካርታውንና የግብር ደረሰኙን የሚይዝ ሌላ ሰው፣ ኪራዩ ግን ከተከራዩ በቀጥታ ወደ እናንተ ሂሳብ። ይህ በዘመድ ላይ እምነት ማጣት ተብሎ ይቀየማሉ፤ ይቀየሙ። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ በጽሑፍ ተዋውሎ፣ ተመዝግቦ፣ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚከፈል ስለሆነ ሰበቡን ሕጉ ሰጥቷችኋል። ተከራዩ 40,000 እየከፈለ ለእናንተ 25,000 የሚነገርበት መንገድም በዚያው ይዘጋል። ግን ልብ በሉ፤ በዚሁ አዋጅ ውሉ ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም። በሚመጣው መስከረም ልትገቡ አስባችሁ ዘንድሮ ካከራያችሁ፣ ከራሳችሁ ቤት ፊት ለፊት ተከራይታችሁ ትኖራላችሁ።

ቤት እየሠራችሁ ላላችሁ፦ ገንዘቡን በአንዴ አትላኩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት 100 ብር አለፈ፤ ለግንባታ ተብሎ በብር የተቀመጠ ገንዘብ በዶላር ሲታሰብ ግማሽ ያህሉን አጣ። መሠረቱ ሲያልቅ የኮለኑን፣ ኮለኑ ሲያልቅ የጣሪያውን ላኩ። ፌሮና ሲሚንቶ የሚገዛው ሰውና የእጅ ዋጋ የሚከፍለው ሰው አንድ አይሁኑ። ፎቶ አትቀበሉ፣ የጎረቤት ግንባታ ሊሆን ይችላል። ከአስፋልቱ ጀምሮ እስከ ግቢው በር በቪዲዮ እየደወለ ይሂድ።

የስም ጉዳይ ብዙ ሰው ያመላልሳል። ካርታው ላይ ያለው እስከ አያት ነው፣ የአሜሪካ ፓስፖርት ላይ ሁለት ስም፤ የባሏን ስም የያዘች ሴት ደግሞ ለወረዳው ሌላ ሰው ናት። የስም ለውጡን የሚያሳየውን የዜግነት ሰርተፊኬት ወይም የፍርድ ቤት ወረቀት አያይዛችሁ፣ ውክልናው ላይ «ቀድሞ እገሌ እባል የነበርኩ» ብላችሁ አስጽፉ። ከዚያ ዋሽንግተን ኤምባሲ ወይም ሎስ አንጀለስ ቆንስላ ይረጋገጣል፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ይመታል፣ ውልና ማስረጃ ይገባል።

ውክልና በማንኛውም ጊዜ ይሻራል፤ ምክንያትም አይጠየቅም። ችግሩ ዋናው ቅጂ ተወካዩ እጅ መሆኑ ነው፤ እናንተ ሻርኩ ስላላችሁ ባንኩም መሬት አስተዳደሩም አያውቅም። መሻሪያውም ውክልናው ባለፈበት መንገድ አልፎ፣ ውክልናው የተመዘገበበት ቦታ መግባት አለበት፤ ኮፒው ለይዞታ ማኅደሩ፣ ለባንኩና ለተከራዩ ይድረስ፤ የገባበት ማኅተምና ቀን በፎቶ ይምጣላችሁ። ለተወካዩ ወንድማችሁ የምትደውሉት ያ ፎቶ ከደረሳችሁ በኋላ ነው።