ጡትሽ ላይ እብጠት ስታገኚ፦ እስከ ውጤቱ ያለው መንገድ

እብጠቱን ያገኘሽው ዛሬ ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት ይህን ያዢ። ጡት ላይ የሚወጡ እብጠቶች አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም። ይህን የምልሽ ለማጽናናት ያህል አይደለም። ጡት ክሊኒክ ውስጥ ለዓመታት በነርስነት ስሠራ ያየሁት ነው። እኔም በሃያዎቹ ዕድሜዬ ግራ ጡቴ ላይ እብጠት ወጥቶብኝ በመርፌ ተመርምሬያለሁ። ፋይብሮአዴኖማ የሚባለው ክፋት የሌለው ዓይነት ነበር። አሁንም እዚያው ነው፤ አላስወጣሁትም።

ነገር ግን አብዛኛው ደህና ነው ማለት ያንቺም ደህና ነው ማለት አይደለም። ያንቺ ምን እንደሆነ የሚታወቀው ሲመረመር ነው። በእጁ ዳብሶ «ይሄ ምንም አይደለም» ያለሽ ሰው፣ ሐኪምም ቢሆን፣ ግምቱን ነው የነገረሽ። እብጠቱ ምን እንደሆነ በስሙ ሳይነገርሽ «ተገላገልኩ» ብለሽ አትቀመጪ።

ሐኪም ጋ ከመሄድሽ በፊት

እብጠቱን ደጋግመሽ አትጭመቂው። ማሸትም አያስፈልግም። ሲነካካ ያብጣል፣ ያማል፣ መጠኑም ያሳስታል። ከዚያ ይልቅ ወረቀት አውጪና ጻፊ። የትኛው ጡት ነው? ጡትሽን እንደ ሰዓት ፊት አስቢው፤ 12 ቁጥር ወደ ላይ፣ 6 ቁጥር ወደ ታች። እብጠቱ የትኛው ቁጥር ላይ ነው? እኛም ካርድ ላይ የምንጽፈው እንደዚያ ነው። መቼ አየሽው? የወር አበባሽ መጨረሻ የመጣው መቼ ነው? ነፍሰ ጡር ነሽ ወይስ እያጠባሽ ነው? የእርግዝና መከላከያ ወይም ሌላ የሆርሞን መድኃኒት ትወስጃለሽ? ደም የሚያቀጥን መድኃኒትስ?

የቤተሰብሽንም ታሪክ ጠይቂ። የጡት ወይም የኦቫሪ (የሴት እንቁላል የሚሠራበት አካል) ካንሰር የያዘው ሰው አለ? በስንት ዓመቱ? በአባትሽ በኩል ያሉትንም አትርሺ። ብዙ ሴቶች የእናታቸውን ወገን ብቻ ይቆጥራሉ፤ ብራካ 1 እና ብራካ 2 በሚባሉት ጂኖች ላይ ያለ፣ አደጋውን የሚጨምር ለውጥ ግን ከአባትም ይወረሳል። ማንም የለም ከተባልሽም አትዘናጊ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ የጡት ካንሰር ከሚይዛቸው ሴቶች ግማሽ ያህሉ ሴት ከመሆናቸውና ከዕድሜያቸው በስተቀር ለይተው የሚጠቅሱት ምክንያት የላቸውም።

ትንሽ መጠበቅ የሚቻልበት ጊዜ አለ። የወር አበባሽ ሊመጣ ሲል ሁለቱም ጡቶችሽ ከበድ ብለው፣ ሲነኩ እያመሙና ጎርበጥ ጎርበጥ እያሉ ከሆነ፣ የወር አበባሽ ካበቃ ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደገና ዳብሺ። ጠፍቶ ካገኘሽው የሆርሞን ጉዳይ ነበር። ካልጠፋ ትሄጃለሽ። ካረጥሽ በኋላ የወጣ እብጠት ግን የሚጠበቅ ነገር የለውም። ቀጠሮ ያዢ።

የሚከተሉትን ካየሽም አትጠብቂ። ቆዳው አንድ ቦታ ላይ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፤ የብርቱካን ልጣጭ ከመሰለ፤ ቀጥ ያለ የነበረው የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ ከገባ፤ ሳትጭመቂው ከአንድ ጡት ብቻ ደም ወይም ንጹሕ ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ከወጣ፤ ጫፉ ላይ የማይድን ቁስል ወይም ሽፍታ ካለ፤ ብብትሽ ሥር ወይም ከአንገት አጥንትሽ በላይ ሌላ እብጠት ካለ። ሳታጠቢ ጡትሽ ቀልቶ ከጋለም እንደዚሁ።

«አያመኝም እኮ»

ሥራ ላይ በብዛት የምሰማው አንድ ዓረፍተ ነገር ቢኖር ይህ ነው። እብጠቱ ለወራት አብሯቸው የኖረ ሴቶች፣ ለምን እንደቆዩ ሲጠየቁ «አያመኝም እኮ» ይላሉ። እባክሽ ይህን ከአእምሮሽ አውጪው። የጡት ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። ቶሎ የሚያሳምመው መግል የቋጠረው ወይም ፈሳሽ የያዘው ነው። በሌላ በኩል ስላመመሽ ብቻ ካንሰር አይደለም ማለትም አይቻልም። ሕመም በዚህ ጉዳይ ላይ ምስክር አይሆንም።

ዕድሜም እንደዚሁ። ዕድሜ ሲጨምር አደጋው ይጨምራል እንጂ ወጣትነት ከለላ አይሆንም። ወንዶችንም ይይዛል፤ ከመቶ ታማሚ አንድ ያህሉ ወይም ከዚያ በታች ወንድ ነው። ስለዚህ ወንድምሽ ከጡቱ ጫፍ ሥር ጠጣር ነገር አገኘሁ ካለሽ አትሳቂበት፤ ላኪው።

የምታጠባ እናት የበለጠ ታሳስበኛለች። እብጠቱ «ወተት ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ ብዙውን ጊዜም እውነት ነው። ቀልቶ፣ ግሎ፣ ትኩሳት ካለው የጡት ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ማጥባቱን አታቁሚ፤ ሐኪሙ አንቲባዮቲክ ያዝልሻል፤ መግል ከቋጠረም በመርፌ ወይም በትንሽ ቀዳዳ ይወጣል። በመድኃኒቱ ካልተሻለሽ፣ ወይም ጡትሽ በደንብ እየተጠባ እብጠቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ አልትራሳውንድ ጠይቂ። ሕፃኑንም ወተቱንም አይጎዳም። ነፍሰ ጡር ብትሆኚም በመርፌ ናሙና መውሰድ ይቻላል። «ከወለድሽ በኋላ እናየዋለን» መባልን አትቀበዪ።

ምን ምን ሊሆን ይችላል?

በወጣቶች ላይ በብዛት የሚገኘው ፋይብሮአዴኖማ ነው። ድንበሩ የታወቀ፣ ላስቲክነት ያለው፣ ስትነኪው ከጣትሽ ሥር ሸርተት የሚል ነው። ከ35 እስከ 50 ባለው ዕድሜ ደግሞ ሲስት ይበዛል። ሲስት በውስጡ ፈሳሽ የያዘ ከረጢት ነው፤ በድንገት ሊወጣና የወር አበባ ሲቃረብ ሊያም ይችላል። ጡት ተመትቶ ወይም ቀዶ ሕክምና ተደርጎበት ከነበረ፣ የተጎዳው ስብ ጠጥሮ እብጠት ይሠራል። ይህኛው በእጅም በምስልም ካንሰር መስሎ ብዙዎችን ያስደነግጣል።

ካንሰር ብዙ ጊዜ ጠጣር፣ ድንበሩ ያልለየ፣ ቦታውን የማይለቅ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ሁልጊዜ አይደለም። ለስላሳና ተንቀሳቃሽ ሆኖ የተገኘ ካንሰር አይቻለሁ። ስለዚህ ይህን ክፍል አንብበሽ ራስሽን አትመርምሪ።

ሦስቱ ምርመራዎች

ትክክለኛው ምርመራ ሦስት እግር አለው፦ የሐኪም እጅ፣ ምስል እና መርፌ። ምስሉ ያለጥርጥር ንጹሕ ሲስት ካሳየ መርፌው ላያስፈልግ ይችላል። ከዚያ ውጭ ግን አንዱ ሌላውን አይተካም።

ሐኪሙ ሁለቱንም ጡት ማየት አለበት። ተቀምጠሽም ተኝተሽም። ብብትሽንና የአንገት አጥንትሽን አካባቢም መዳበስ አለበት። እብጠቱን ብቻ ነካ አድርጎ የሚያበቃ ምርመራ ጎደሎ ነው።

ወደ ምስሉ ስንመጣ፣ በወጣት ሴት ጡት ውስጥ ያለው ሕብረ ሕዋስ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ማሞግራም የሚባለው የጡት ራጅ በደንብ አያሳይም። ለዚህ ነው በወጣቶች ላይ አልትራሳውንድ የሚቀድመው። ወደ 40 ከተጠጋሽ ወይም ካለፍሽ ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱም ይታዘዛሉ። ማሞግራም የምትነሺ ቀን ዲኦዶራንትና ፓውደር አትቀቢ፤ ምስሉ ላይ ነጠብጣብ ሠርቶ ያሳስታል። ጡትሽ ሲጫን ለጥቂት ሰከንድ ያማል፤ ያልፋል።

ከሪፖርቱ ላይ ባይራድስ የሚል ቃልና ቁጥር ፈልጊ፤ በምስሉ የታየው ምን ያህል እንደሚያሳስብ የሚነግር መለኪያ ነው። 0 ማለት ምርመራው አልተሟላም፣ ተጨማሪ ምስል ያስፈልጋል ማለት ነው። 1 እና 2 ላይ የሚያሳስብ ነገር አልታየም። 3 ምናልባት ክፋት የሌለው ነው ማለት ነው፤ ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከመቶ ከሁለት አይበልጥም፣ ብዙ ጊዜም በስድስት ወር ተመልሶ ይታያል። 4 መርፌ ያስፈልገዋል። 5 ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከመቶ 95 ወይም ከዚያ በላይ ነው። 4 ሰፊ ክልል መሆኑን እወቂ፤ ከሁለት እስከ 95 ያለውን ይይዛል። 4 ተጽፎ ያየች ሴት ሁሉ ካንሰር አለባት ማለት አይደለም። ግን ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ መቆየትም አትችልም።

አንድ ነገር በጣም ላስረግጥ። በእጅ የሚዳበስ እብጠት እያለ «ማሞግራምሽ ንጹሕ ነው» ብትባዪ ጉዳዩ አላለቀም። ማሞግራም የማያያቸው ካንሰሮች አሉ። አልትራሳውንድ ይጨመር፣ ካስፈለገም መርፌ።

መርፌው

ሴቶች ከሁሉ በላይ የሚፈሩት ይህን ነው። አብሬያቸው ስለምቆም አውቃለሁ። ሁለት ዓይነት ነው። ቀጭኑ መርፌ ሴሎችን ብቻ ይስባል፤ በብዙ ቦታ ኤፍ ኤን ኤ ይሉታል። ወፍራሙ ኮር ባዮፕሲ ይባላል፤ ቀጭን የሥጋ ናሙና ቆርጦ ያወጣል። ምርጫ ካለሽ ኮሩን ጠይቂ። ካንሰር ከሆነ ዓይነቱንና የሚሠራለትን መድኃኒት የሚነግረን እሱ ነው።

ቦታው በመርፌ ይደነዝዛል፤ የሚያቃጥልሽ ያ ነው። ከዚያ መሣሪያው ሲተኮስ ጠቅ የሚል ድምፅ ያሰማል። እኔ ሁልጊዜ ከመጀመሩ በፊት ድምፁን አሰማቸዋለሁ፤ ካልሰሙት ይደነግጣሉ፣ ሲደነግጡ ይንቀሳቀሳሉ። ከተወሰደ በኋላ ቦታው ለደቂቃዎች ተጭኖ ይያዛል። ለጥቂት ቀናት ሊበልዝ ይችላል። እብጠቱ እየጨመረ ከሄደ ወይም ትኩሳት ከመጣ ተመለሺ።

ናሙናው ፎርማሊን (እንዳይበላሽ የሚጠብቀው ፈሳሽ) ባለበት ዕቃ ውስጥ ወዲያው መግባቱን ዓይተሽ፣ በላዩ ላይ ስምሽና የትኛው ጡት እንደሆነ መጻፉን አረጋግጪ። ፎርማሊን ውስጥ ሳይገባ የቆየ ናሙና የሆርሞን ምርመራውን ያበላሻል። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ ያንቺ ነው።

«መርፌ ከነካው ይበተናል» ሲሉ ትሰሚያለሽ። በመርፌ የተመረመሩ ሴቶች በዚያ ምክንያት የመዳን ዕድላቸው አይቀንስም። የሚጎዳው የተገላቢጦሹ ነው፦ ሳይመረመር «ቆርጠን እንየው» ብሎ ኦፕራሲዮን ውስጥ መግባት። ካንሰር ሆኖ ከተገኘ ቀዶ ሕክምናው ያልታቀደ ይሆንና ብዙ ጊዜ ሁለተኛ መግባት ይመጣል።

ውጤቱ ሲመጣ ለሐኪሙ የምታቀርቢው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሦስቱ ይስማማሉ ወይ?» ምስሉ 5 ብሎ ናሙናው ካንሰር የለም ካለ፣ ይህ የምሥራች አይደለም። መርፌው እብጠቱን ስቶ ሊሆን ይችላል። እንደገና ይወሰዳል። እኛ ጋ አንዲት ሴት «ናሙናው ነጻ ነው» የሚል ወረቀት ይዛ መጥታ ነበር፤ ምስሏ ግን የሚያስፈራ ነበር። መርፌው በአልትራሳውንድ እየታየ ሲደገም ካንሰር ተገኘ። ገና አልተስፋፋም ነበርና በጊዜ ታከመች።

የዓለም ጤና ድርጅት ከመጀመሪያው የሐኪም ጉብኝት እስከ ምርመራው ውጤት ያለው ሂደት በ60 ቀናት ውስጥ እንዲያልቅ ይመክራል። ቀጠሮ ሲረዝምብሽ ይህን ቁጥር አንሺ።

ሕክምናው

ፋይብሮአዴኖማ በናሙና ከተረጋገጠ ሊተው ይችላል። እያደገ ከሄደ፣ በጣም ከተለቀ ወይም ካስጨነቀሽ ይወጣል። በፍጥነት የሚያድግ ከሆነ ግን ፊሎደስ የሚባል ሌላ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ይወጣል፤ ከዙሪያውም ጤነኛ ሥጋ አብሮ ይነሳል። ሲስት ካላመመሽ አይነካም፤ ካመመሽ ፈሳሹ በመርፌ ይመጠጣል። የወጣው ፈሳሽ ደም ከቀላቀለ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል።

ካንሰር ከሆነ፣ ከሐኪሙ ክፍል ከመውጣትሽ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ደረጃው ስንት ነው? የሆርሞን ተቀባይ (ካንሰሩ በሆርሞን እንዲያድግ የሚያደርገው) አለው ወይ? ኸር 2 የሚባለው ፕሮቲንስ? ሕክምናሽን የሚወስኑት እነዚህ ናቸው። የሆርሞን ተቀባይ ካለው እንደ ታሞክሲፌን ያለ እንክብል ከ5 እስከ 10 ዓመት ይወሰዳል። ኸር 2 ካለው ትራስቱዙማብ የሚባል መድኃኒት አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ሁለቱ የሆርሞን ተቀባዮችና ኸር 2፣ ሦስቱም ከሌሉት ኬሞቴራፒ ዋናው ነው። አንዳንዴ ኬሞው ከቀዶ ሕክምናው ይቀድማል፤ ዕጢውን ለማሳነስ። ይህን ስትሰሚ «ለኦፕራሲዮን አልበቃም አሉኝ» ብለሽ ተስፋ አትቁረጪ።

ጡት ሁልጊዜ አይቆረጥም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጡ የ20 ዓመት ክትትል ውጤቶች፣ አንዱ በአሜሪካዊው በርናርድ ፊሸር አንዱ በጣሊያናዊው ኡምቤርቶ ቬሮኔሲ የተመሩት፣ በጊዜ የተደረሰበት ካንሰር ሲሆን ዕጢውን ብቻ አውጥቶ ጨረር መስጠት ጡቱን ሙሉ በሙሉ ከማንሳት እኩል ዕድሜ እንደሚሰጥ አሳይተዋል። ጨረሩ ግን የዚያ ሕክምና ግማሽ ነው። ቀዶ ሕክምናውን አድርገሽ ጨረሩን አትዝለዪ። ጨረር የማታገኚ ከሆነ ጡቱን ማንሳት የተሻለ ምርጫ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ተነጋገሩበት።

ደህና ነው ከተባልሽ በኋላ

ምስሎችሽንና የፓቶሎጂ (የናሙና ውጤት) ወረቀትሽን አንድ ቦታ አስቀምጪ። በሚቀጥለው ጊዜ ሐኪሙ የሚያወዳድረው ከእነሱ ጋር ነው። ጡትሽንም እወቂው። በጥብቅ ሥርዓት በየወሩ መፈተሽ ሞትን እንደማይቀንስ ሻንጋይ ውስጥ ከ260,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት አሳይቷል። ስለዚህ ራስሽን በፕሮግራም አታስጨንቂ። ስትታጠቢ፣ ስትለብሺ፣ የተለመደው ምን እንደሚመስል ማወቅ ይበቃል። አዲስ ነገር ካገኘሽ ግን የድሮው ወረቀት ለአዲሱ አይሠራም። ከመጀመሪያው ጀምሮ ይመርመር።